ስለ 1954 ዓ.ም. የእግር ኳስ ድልና ስለ ዳሞት የገና ሜዳ



የአንድ ሕዝብ ታሪክ በጦርነትና በመንግሥት ለውጥ ብቻ የሚጻፍ አይደለም። ሕዝቡ ሲያርስና ሲነግድ፣ ሲማርና ሲያስተምር የሠራው ሁሉ ታሪክ እንደ ሆነ፣ ከሥራው ዐርፎ ሲጫወት የፈጸመውም የታሪኩ ክፍል ነው። ጨዋታ ግን ከሌላው ሥራ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ቶሎ የሚረሳ መሆኑ ነው። ያረሰ ሰው የድካሙ ፍሬ በጎተራ ይታይለታል፤ የገነባም ሰው ግንቡ ቆሞ ይመሰክርለታል። የተጫወተ ሰው ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ሜዳውን ለቅቆ ወደ ቤቱ ይገባል፤ በማግሥቱ ከብቶች ሣሩን ሲግጡበት፣ ትናንት ማን እንዳሸነፈ የሚናገር ምልክት በመሬቱ ላይ አይገኝም። ስለዚህ ጨዋታ ታሪክ እንዲኖረው ከተፈለገ ጠባቂ ያስፈልገዋል።

ዛሬ የምናወሳው ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪቃን የእግር ኳስ ዋንጫ ያገኘችበትን ወራት ነው። ይህን ድል ያልሰማ የከተማ ሰው ያለ አይመስለንም። ነገር ግን ድሉ እንደ መልካም ዕድል ወይም እንደ አንድ ቀን ተአምር ሲወራ እንሰማለን እንጂ ከየት እንደ በቀለ የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው። እኛ ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር፣ ከአዲስ አበባው ስታዲዮም ሳይሆን ከምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ መስክ እንጀምራለን። ምክንያታችንም ይህ ነው፤ ዋንጫው የተገኘበት የጥር ወር በገጠሩም የጨዋታ ወራት ነው። በከተማ እግር ኳስ የሚጫወተውና በዳሞት ገጠር ገና የሚጫወተው ወጣት በአንድ የበጋ ፀሐይ ሥር የሚውሉ ናቸው፤ ሆኖም የአንደኛው ጨዋታ ታሪክ ሆኖ ሲቀመጥ የሁለተኛው ሳይጻፍ ቀርቷል። የዚህ ልዩነት ምክንያቱ ምንድር ነው?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን መንገድ የያዘ መንገደኛ ደምበጫን ካለፈ በኋላ ፍኖተ ሰላምን፣ ከዚያም ማንኩሳን አልፎ ቡሬን ያገኛል። የፍኖተ ሰላም ትርጓሜ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ከተማይቱ በቀድሞው ዘመን ቆላ ደጋ ዳሞት ይባል የነበረው አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ በኋላም የምዕራብ ጎጃም ዞን አስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። አገሩ ውሃ ያልተነፈገው፣ ጤፍና ዳጉሳ፣ በቆሎና በርበሬ የሚያበቅል ለም ምድር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ አዝመራው ታጭዶ ሲከመር፣ እርሻው ቃርሚያ ብቻ ሲቀርበት፣ ክረምቱን ሙሉ ጭቃና ሰብል የያዘው መሬት ይከፈታል። በዚያን ጊዜ ከብቱም ሰውም በሜዳው ላይ እንደ ልቡ ይሆናል። የገጠሩ የጨዋታ ወራት የሚጀምረው በዚህ ጊዜ ነው። ይህን ወራት የወሰነው ምንም ዓይነት ጽሕፈት ቤት አይደለም፤ የወሰነው አዝመራው ነው።

የገና ጨዋታ እንዴት እንደሚካሄድ ከእናንተ ብዙዎቹ በልጅነታችሁ ታውቁታላችሁ። ተጫዋቹ ጫፉ የቆለመመ ጠንካራ ዱላ ቈርጦ ያዘጋጃል። ሩር የምትባለው ኳስ ከጠንካራ እንጨት ተጠርባ ትድበለበላለች። ወጣቶቹ ሚና ለይተው ለሁለት ይከፈላሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ላይ ቤትና ታች ቤት፣ አንዳንድ ጊዜም አጥቢያ ከአጥቢያ ይጋጠማሉ። የሰዉ ቍጥር ወሰን የለውም፤ የመጣ ሁሉ ይገባል። የሜዳውም ስፋት እንደ አገሩ አቀማመጥ ነው። ከሁለቱ ወገኖች ሩርዋን እየመታ ከባላጋራው ወሰን ያሳለፈ አሸናፊ ይሆናል። አባቶች የጨዋታውን አመጣጥ ሲተርኩ፣ እረኞች የጌታን ልደት በሰሙ ጊዜ ከደስታቸው ብዛት የተነሣ በያዙት በትር መጫወት ጀመሩ ይላሉ። ጨዋታው በልደት በዓል ስም የሚጠራበትም ምክንያት ይኸው ነው።

የዚህ ጨዋታ ሕግ ያልተጻፈ ቢሆንም ሕግ አልነበረውም ማለት አይደለም። በገና ጨዋታ ጌታ በሎሌው ላይ ሊቈጣ እንደማይገባው የሚያስተምር የቆየ ብሂል አለ። በዚያ ቀን ባለ ርስቱና ጭሰኛው፣ ሹሙና ተራው ሰው በአንድ ሜዳ ላይ እኩል ይሆናሉ፤ ሩር የሹምን ቅልጥም ከገበሬ ቅልጥም ለይታ አታውቅም። በጨዋታ መካከል የተመታ ሰው ቂም ቢይዝ ነውር ነው። በሌላው የዓመቱ ቀን የማዕርግ ልዩነት በብርቱ ይጠበቅበት በነበረው በቀድሞው ኑሮ፣ እንዲህ ያለው እኩልነት ቀላል ነገር አልነበረም። ከዚህም ሌላ ጨዋታው ብርቱ ትምህርት ነበረው። አንድ ሰው ብቻውን ሩርዋን ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ሊወስዳት አይችልም፤ ለወገኑ መስጠትና ከወገኑ መቀበል ግድ ይሆንበታል። ዛሬ በስፖርት ትምህርት የቡድን መንፈስ የምንለውን ነገር የዳሞት እረኛ ስሙን ሳያውቅ ይሠራበት ነበር።

እንግዲህ ለጨዋታ ከሚያስፈልገው ነገር ገጠሩ ብዙውን ይዞ ነበር። ሜዳ ነበረው፤ ተጫዋች ነበረው፤ ልማድ የሆነ ሕግ ነበረው፤ ወራትም ነበረው። የጐደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መዝገብ። የዛሬ መቶ ዓመት በቡሬ ዙሪያ በገና ዕለት የትኛው አጥቢያ የትኛውን እንዳሸነፈ፣ ከሁሉ የበለጠ መቺ ማን እንደ ነበረ ሊነግረን የሚችል ወረቀት የለም። የሚያስታውሱት ሽማግሎች ሲያልፉ ነገሩም አብሮ አለፈ።

በሌላው ዓለም የሆነውን ከዚህ ጋር ብናነጻጽር ነገሩ ይበልጥ ይገለጥልናል። የእንግሊዝም እግር ኳስ በመጀመሪያ የመንደር ጨዋታ ነበር። የሰው ቍጥር የማይወሰንበት፣ መንደር ከመንደር በበዓል ቀን የሚጋፋበት፣ ብዙ ሰው የሚጐዳበት ጨዋታ እንደ ነበረ ታሪኩ ይናገራል። ይህን የመንደር ጨዋታ ወስደው መልክ የሰጡት ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች ናቸው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1848 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከየትምህርት ቤታቸው ይዘውት የመጡት ልማድ አላስማማ ቢላቸው አንድ የጋራ ሕግ ጻፉ። በ1863 ደግሞ በሎንዶን የእግር ኳስ ማኅበር ተቋቁሞ ሕጉን አጸና። በአሜሪካም ሁለት ኮሌጆች፣ ሩትገርስና ፕሪንስተን፣ በ1869 በኅዳር ወር ተጋጠሙ። በየወገኑ 25 ተጫዋች ነበረ፤ ሩትገርስም 6 ለ 4 አሸነፈ። ያ ጨዋታ ከተደረገ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በሜዳው ላይ ከዋሉት ወጣቶች አንድም የቀረ የለም። ሆኖም ውጤቱን ዛሬ በአማርኛ ልንናገረው የቻልነው አንድ ሰው ስለ ጻፈው ነው። የሩትገርስ ወጣቶች ከዳሞት ወጣቶች በጕልበት ወይም በብልሃት የሚበልጡ አልነበሩም፤ የበለጡት በጸሐፊ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። እግር ኳስ ወደ ኢትዮጵያ ከገባ በኋላ ሥር የሰደደው በመጀመሪያ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች አጥር ግቢና በየሠፈሩ ሜዳ ነው። በ1928 ዓ.ም.፣ የኢጣሊያ ጦር አገራችንን በወረረበት በዚያ የጭንቅ ዓመት፣ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ወጣቶች ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው በአራዳ የቅዱስ ጊዮርጊስን ቡድን አቋቋሙ። በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የተማሩት ይድነቃቸው ተሰማም ገና በለጋ ዕድሜያቸው ከዚህ ቡድን ገብተው ለ23 ዓመት ያህል ተጫወቱለት። የኋላ ኋላ የኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን የመላው አፍሪቃ የእግር ኳስ መሪ የሆኑት እኒህ ሰው ናቸው።

ጠላት አዲስ አበባን በያዘባቸው አምስት ዓመታት ስፖርትም እንደ ሌላው ኑሮ ሁሉ በቀለም ተከፈለ። ነጭና ጥቍር በአንድ ሜዳ እንዳይጫወት ተከለከለ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስም ስም ተለውጦ ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር ተባለ። አድማጮች ሆይ፤ ከዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። የገና ሜዳ ጌታንና ሎሌን በአንድነት ያጫውት ነበር። ሥልጣኔ አመጣሁ የሚለው ገዥ ግን ሜዳውን በአጥር ከፈለው። በዚያን ጊዜ በጎጃም ዱር ገደል ጨዋታ የሚባል ነገር አልነበረም፤ አርበኛው በጦር ሜዳ ላይ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ሲመለሱ ነፃነት ከገባባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው የቡሬ መንገድ ነው። በየካቲት ወር መጨረሻ በቡሬ ምሽግ የነበረው የጠላት ጦር ምሽጉን ለቅቆ ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ደብረ ማርቆስ ነፃ ወጣች። አዲስ አበባም ነፃ ስትሆን የአራዳ ልጆች የቡድናቸውን እውነተኛ ስም መልሰው አገኙ። ስለዚህ በቡሬና በማንኩሳ የተከፈለው መሥዋዕትነት የስታዲዮሙንም ታሪክ የሚመለከት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የእግር ኳስ ሻምፒዮና ተደረገ። የተወዳደሩት አምስት ቡድኖች ነበሩ፤ የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የኢጣሊያኖች ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖች አራራት፣ የግሪኮች ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ከጥቂት ዓመት በፊት በአንድ ሜዳ መቆም የተከለከሉ ሰዎች አሁን በአንድ ሕግና በአንድ ዳኛ ፊት ቆሙ። ዋንጫውን ያገኘው የእንግሊዞቹ ቡድን ነበር። ቅዱስ ጊዮርጊስ የሻምፒዮንነትን ስም ለማግኘት ገና ጥቂት ዓመታት መታገሥ ነበረበት። ነገር ግን ከዚያ ዓመት ጀምሮ ውድድሩ መዝገብ ያዘ፤ መዝገብ ሲያዝም የአምናው ከዘንድሮው ጋር ተነጻጽሮ ጕድለትን ማወቅና ማረም ተቻለ።

የአፍሪቃ አገሮች የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1949 ዓ.ም. በካርቱም ሲቋቋም ኢትዮጵያ ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪቃ ጋር ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። ይሁን እንጂ ደቡብ አፍሪቃ ነጭና ጥቍር የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም ስላለች ከመጀመሪያው ውድድር ወጣች። ከእርስዋ ጋር ልትጋጠም የነበረችው ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። የካቲት 9 ቀን 1949 ዓ.ም. በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸነፈች። አራቱንም ጎሎች ያገባው አድ ዲባ የሚባል አንድ ተጫዋች ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት ወር 1951 ዓ.ም.፣ በካይሮ በተደረገው በሁለተኛው ውድድር ኢትዮጵያና ግብፅ እንደ ገና ተገናኙ፤ ውጤቱም እንደ ገና 4 ለ 0 ሆነ። ከሱዳንም ጋር ተጋጥመን 1 ለ 0 ተሸነፍን። እንግዲህ በሁለቱ ውድድሮች የኢትዮጵያ ቡድን በሦስት ጨዋታ 9 ጎል ሲገባበት እርሱ አንድም አላገባም ነበር።

ሰነፍ ሕዝብ ቢሆን ይህ የማይሆን ነገር ነው ብሎ በተወው ነበር። የጊዜው የስፖርት ሰዎች ግን ሽንፈቱን በመዝገብ ይዘው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በዚህ መካከል ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ የማራቶንን ውድድር አሸንፎ የኢትዮጵያን ስም በዓለም አስጠራ። የሯጭ ድል ግን ከቡድን ድል የተለየ ነው። ለሯጭ እግሩና መንገዱ ይበቃዋል፤ ተራራው ራሱ አሠልጣኝ ይሆነዋል። 11 ሰዎች እንደ አንድ ሰው እንዲያስቡ ለማድረግ ግን ሜዳ፣ ጊዜና የውድድር ልምድ ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ የ1954 ዓ.ም. በጋ መጣ። በታኅሣሥ ወር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በአዲስ አበባ ተመረቀ። በሚቀጥለው ወር ሦስተኛው የአፍሪቃ ዋንጫ በዚያው ከተማ ተጀመረ። ለፍጻሜው ውድድር የደረሱት አራት አገሮች ነበሩ፤ ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ኡጋንዳና በዚያ ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ። የኢትዮጵያ ቡድን አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉም ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበሩ።

እሑድ ጥር 6 ቀን ኢትዮጵያ ከቱኒዚያ ጋር ተጋጠመች። ቱኒዚያዎች ሁለት ጎል ቀድመው አገቡ። በካርቱምና በካይሮ የሆነው እንደ ገና የሚደገም መሰለ። የኢትዮጵያ ቡድን ግን ሳይሸበር አንድ በአንድ መለሰ፤ ጨዋታውም 4 ለ 2 በኢትዮጵያ አሸናፊነት ተፈጸመ። ሐሙስ ጥር 10 ቀን፣ የከተራ ዕለት፣ ግብፅ ኡጋንዳን 2 ለ 1 አሸነፈች። ዓርብ ጥምቀት ሆነ። ቅዳሜ ጥር 12 ቀን ቱኒዚያ ኡጋንዳን 3 ለ 0 አሸንፋ ሦስተኛነትን አገኘች። እሑድ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የፍጻሜው ጨዋታ ሆነ። የበዓሉ ሰሞን ገና ሳያልፍ፣ ታቦታቱ ወደ መንበራቸው በገቡበት ሰሞን፣ ሕዝቡ ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲዮም፣ በኋላ አዲስ አበባ ስታዲየም ወደ ተባለው ሜዳ ጐረፈ።

ግብፆች ዋንጫውን ሁለት ጊዜ ያገኙ፣ ለሦስተኛ ጊዜም ሊያስቀሩት የመጡ ነበሩ። በመጀመሪያው አጋማሽ ባደዊ የሚባለው ተጫዋታቸው ጎል አገባ። ጨዋታው ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ያህል ሲቀረው ኢትዮጵያ አቻ ሆነች። ደስታው ሳይበርድ ወዲያውኑ ያው ባደዊ ሁለተኛውን አገባ። ሰዓቱ ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ እንደ ገና አቻ አደረገ፤ 90 ደቂቃውም 2 ለ 2 አለቀ። በተጨማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ መጨረሻው ሲቃረብም መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገባ። ሁለት ጊዜ 4 ለ 0 የተሸነፈች አገር በሦስተኛው 4 ለ 2 አሸነፈች። ንጉሠ ነገሥቱም ዋንጫውን ለአምበሉ በእጃቸው ሰጡ። በውድድሩ ብዙ ጎል በማግባት መንግሥቱ ወርቁና የግብፁ ባደዊ እያንዳንዳቸው 3 ጎል አግብተው እኩል ወጡ።

ዋንጫውን ስለ ተቀበለው አምበል አንድ ቃል መጨመር ይገባናል። ሉቺያኖ ቫሳሎ የአሥመራ ተወላጅ ነው፤ አባቱ ኢጣሊያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ። ጠላት ከአገራችን ከወጣ ገና 21 ዓመት አልሞላም ነበር፤ በወረራው የቈሰሉ ሰዎች በሕይወት ነበሩ። በዘር የተከፈለ ሜዳ ባየች ከተማ ውስጥ፣ የሁለቱም ወገን ደም ያለው ሰው የኢትዮጵያን ቡድን መርቶ የኢትዮጵያን ዋንጫ አነሣ። በገና ሜዳ ጌታና ሎሌ እኩል ይሆናሉ ያልነው ነገር በሌላ መልክ በስታዲዮሙ ተፈጸመ ማለት ነው። ሜዳ በሰው መካከል የቆመውን ግንብ የማፍረስ ኃይል አለው፤ ይህን ኃይሉን የሚያገኘው ግን ሕጉ ለሁሉ እኩል ሆኖ ሲጠበቅ ብቻ ነው።

እንግዲህ ያ ድል ከየት በቀለ ብለን ብንጠይቅ መልሱ ከሦስት ነገሮች ነው፤ ከሜዳ፣ ከሕግና ከመዝገብ። ከ1928 እስከ 1954 ዓ.ም. 26 ዓመት ነው። በእነዚህ 26 ዓመታት ልጆች የሚሮጡበት ሜዳ በትምህርት ቤትና በሠፈር ተጠበቀ፤ ሁሉ የሚገዛበት ሕግ ተተከለ፤ ድሉም ሽንፈቱም ተጻፈ። ሦስቱ የተገኙት ግን ምድር ባቡር፣ ፋብሪካ፣ የጦር ሠፈርና ትላልቅ ትምህርት ቤቶች በነበሩባቸው ከተሞች፣ ይኸውም በአዲስ አበባ፣ በአሥመራና በድሬዳዋ ነው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር ሜዳውም ልጁም እያሉ ሁለቱን ከሕግና ከመዝገብ ጋር የሚያገናኝ ድልድይ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ኢትዮጵያ በ1960 ዓ.ም. ዋንጫውን እንደ ገና አስተናግዳ አራተኛ ወጣች። በ1968 ዓ.ም. ለሦስተኛ ጊዜ አስተናገደች፤ ነገር ግን ከምድብዋ ሳታልፍ ቀረች። በ1974 ዓ.ም. በሊቢያ ከተወዳደረች በኋላ እስከ 2005 ዓ.ም. ድረስ 31 ዓመት ከዚህ ውድድር ራቀች። በ2014 ዓ.ም. በካሜሩን ተካፍላ ነበር፤ ሁለተኛ ዋንጫ ግን አላገኘችም። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉን ለመዘርዘርም ጊዜ አይበቃንም። አንዱን ብቻ ብንናገር፣ ዋንጫውን ስናወድስ ዋንጫው የበቀለበትን ሜዳ መንከባከብን ረሳን። ፍሬውን ሰቅሎ ሥሩን ያደረቀ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ምን ሊለቅም ይችላል?

በገጠር ያለው ልማድ በመዝገብና በማኅበር ሊጠበቅ አይችልም የሚል ሰው ቢኖር፣ ከቡሬ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን መንገድ ጥቂት ይቀጥልና እንጅባራ ይድረስ። በዚያ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አለ። ማኅበሩ የተቋቋመው በ1932 ዓ.ም.፣ ጠላት ገና ከአገር ሳይወጣ ነው። ፈረስ በዓድዋ ዘመቻ የሠራውን ውለታ ለማሰብ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሰኞች አጊጠው ይሰበሰባሉ፤ ጉግስና ሽርጥም ይጫወታሉ። እነዚህ ገበሬዎች ስታዲዮም አልነበራቸውም። ቀን ቈረጡ፤ ማኅበር መሠረቱ፤ አባል መዘገቡ፤ ልጅ ከአባቱ እንዲረከብ አደረጉ። ስለዚህ የሌላው አገር የፈረስ ጨዋታ እየደከመ በሄደበት ዘመን የእነርሱ ጸንቶ ቆመ። ገናም ቢሆን በኋለኛው ጊዜ ከባህል ስፖርት ውድድሮች ውስጥ ገብቶ የሰው ቍጥርና የጨዋታ ሰዓት ተወስኖለታል። ነገሩ የማይቻል አይደለም።

አድማጮች ሆይ፤ ይህን ንግግር በተለይ በመንግሥት ሥራ ላይ ላላችሁት መናገራችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከሦስቱ ነገሮች ሁለቱ በእጃችሁ ናቸው። የከተማ ፕላን ሲነሣ፣ ቦታ ሲመራ፣ ለግንባታ መሬት ሲሸነሸን፣ ካርታው የሚዘረጋው በእናንተ ጠረጴዛ ላይ ነው። ባዶ መስሎ የሚታየው መስክ ባዶ አይደለም፤ የልጆች ሜዳ ነው። ቤት በሌላ ቦታ ሊሠራ ይችላል፤ አንድ ጊዜ ቤት የተሠራበት ሜዳ ግን ተመልሶ ሜዳ ሲሆን አላየንም። መዝገቡም እንደዚሁ በእናንተ እጅ ነው። የወረዳ ትምህርት ቤቶች በዓመቱ ውስጥ ሲጋጠሙ ውጤቱንና የተጫዋቾቹን ስም በአንድ ደብተር ጽፎ ማስቀመጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ሽማግሎች ስለ ገና የሚያውቁትን ጠይቆ መጻፍም ቀለምና ትዕግሥት ብቻ ይበቃዋል።

ምናልባት ከእናንተ መካከል ይህ የጨዋታ ነገር ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ብዙ ሥራ አለብን የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ውሃና መንገድ፣ ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት ይቀድማሉ። ነገር ግን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በዚያ ስታዲዮም የቆመው ሕዝብ አንድ ሆኖ የጮኸው የጨዋታ ነገር ስለ ሆነ አልነበረም። ከአሥመራ የመጣውና ከአራዳ የበቀለው፣ የኢጣሊያዊው ልጅና የአርበኛው ልጅ በአንድ ልብ ሲሠሩ ስላየ ነው። እንዲህ ያለውን አንድነት በአዋጅ ማግኘት አይቻልም፤ በሜዳ ላይ ግን ይገኛል።

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ገጠር አዝመራው በየዓመቱ ይታጨዳል፤ ገናም በየዓመቱ ይመጣል። ልጆቹም ዱላቸውን ይዘው፣ ወይም ከጨርቅ የሰፉትን ኳስ ይዘው ወደ ሜዳ ይወጣሉ። ሲወጡ ሜዳውን በቦታው እንዲያገኙት ማድረግ፣ ሲጫወቱ በቀና ዳኛ እንዲጫወቱ ማድረግ፣ ተጫውተው ሲገቡም ስማቸውን መጻፍ የእኛ የትልልቆቹ ፈንታ ነው።